ካስማ ከድንኳን ጋር አይታሸግም

በረሃ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ዕቃውን የሚከራየው ከእትዬ ፈገግታ ቤት ነው። እትዬ ፈገግታ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሠራተኞቿ በሹክሹክታ የለጠፉባት ነው። ደሞዝ ይጨመርልን ሲሏት ፈገግ ትላለች፣ ፈቃድ ይሰጠን ሲሏት ፈገግ ትላለች፣ ሰው ከሥራ ስታሰናብትም ያችኑ ፈገግታዋን አታጓድልም። ቤቷ መንገድ ዳር ያለ ረዥም መጋዘን ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ድንኳኖች፣ የመኝታ ከረጢቶች፣ ታጣፊ ወንበሮች፣ ኮዳዎችና ጀሪካኖች አሉ። ከሁሉም ኋላ፣ ጓሮ በሩ አጠገብ፣ አንዲት አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ተቀምጣለች። እዚያች መኪና ላይ አጎንብሶ የሚውለውን ሰው ጠጋኙ ይሉታል።

ጠጋኙ ከበረሃ የተመለሰ ዕቃ ይጠግናል። ዚፑ የተነከሰ ከረጢት፣ ንፋስ የተረተረው ሸራ፣ አንድ ግድ የለሽ በሲጋራ የበሳው መስኮት፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። እጁ ወርቅ ነው፤ የጠገነው ቦታ ዓይን አጥብበው ካልፈለጉት አይገኝም። ጣጣው አፉ ላይ ነው። ደንበኛ ባንኮኒው ጋ ሲቆም ከሰማ መኪናውን ጥሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ ይልና ማንም ሳይጠይቀው መምከር ይጀምራል።

«ውሃ ስትይዙ ይበቃናል ያላችሁትን ያዙና በላዩ ሌላ ያን ያህል ጨምሩበት። አዲስ ጫማ ብሎ ነገር የለም! እግራችሁ የለመደውን አሮጌ ጫማ አድርጉ። ኮፍያው አንገት የሚሸፍን ይሁን። ቀን ይፋጃል ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ፤ ፀሐይ ስትገባ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ለአቧራው ሻሽ፣ ለከንፈር ቅባት፣ ለባትሪው መለዋወጫ ድንጋይ። በረሃ ቀልድ አያውቅም!»

ደንበኞቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ከዚያ አንዱ፣ በጨዋ ደንብ፣ «እርስዎማ ብዙ ጊዜ ሄደዋል ማለት ነው?» ይለዋል። የስፌት መኪናው ክር የሚበጠሰው ይሄኔ ነው። ጠጋኙ «ክሬ ተበጠሰ መሰለኝ» ይልና ወደ ጓሮው ላጥ ይላል። በረሃን በዓይኑ አይቶት አያውቅማ! የሚያውቀውን ሁሉ፣ እትዬ ፈገግታ ለሽርሽር የምታስወጣቸውን እንግዶች ከሚያመላልሱት ሾፌሮች አፍ የለቀመው ነው። በዓመታት ብዛት ግን የሰማውን ያየው እየመሰለው ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከሾፌሮቹ ጋር አንድ ትልቅ ጠብ ነበረው፣ የካስማ ጠብ። ሾፌሮቹ ድንኳን ሲያፈርሱ፣ መሬት ውስጥ ተመትተው የድንኳኑን ገመድ የሚይዙትን የብረት ካስማዎች ከነአሸዋቸው ሸራው ውስጥ ጠቅልለው ይወረውሯቸው ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሹሉ ብረት ሸራውን ሲበሳ ይመጣል። ጠጋኙ ያን ቀዳዳ ሲደፍን ሲደፍን ዓይኑ ሊጠፋ ደረሰ። አንድ ቀን አመረረና እትዬ ፈገግታ ፊት ቆሞ፣ «ወይ ካስማው ለብቻው ይጓዛል፣ ወይ እኔ ሥራዬን እለቃለሁ!» አላት። ድንኳን ከሣጥን እንደሚወደድ የምታውቀው ሴትዮ ለዚያች ቀን እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ካስማና መዶሻ የጭነት መኪናው ጀርባ ላይ በተበየደ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፤ ቁልፉም ኃላፊነቱም የሾፌሩ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለ ድንኳን ሁሉ ያለካስማ ይታሸጋል። ጠጋኙ ደግሞ ዕቃ በተጫነ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ፣ «ካስማ ከድንኳን ጋር አይታሸግም!» ብሎ ይጮኻል። በዚያ ቤት ውስጥ የእሱ የሆነ አንድ ሕግ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሲጮኽ ደስ ይለዋል።

የመኝታ ከረጢቶቹን የምታጥበው ሚስቱ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የልብስ ገመድ አለ። ከረጢቱን ውሃ ውስጥ ከመንከሯ በፊት ገልብጣ ታራግፈዋለች። አሸዋው እግሯ ላይ ይዘረገፋል። «ሰዉ ሄዶ ይዝናናል፣ አሸዋውን ለእኔ ይልካል» ትላለች ሁልጊዜ። ከአሸዋው ጋር ያልወጣ ነገር የለም፤ ነጠላ ካልሲ፣ የፀጉር መያዣ፣ የከረሜላ ወረቀት። ዋጋ ያለውን ትመልሳለች። ማንም መጥቶ ያልጠየቀው ግን እሷ ጋ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ አንድ ጠርዙ ወርቅማ የፀሐይ መነጽርና አንድ ሰማያዊ ሻሽ ቀርተውላት ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።

«ለምን አታደርጊያቸውም?» ይላታል ጠጋኙ።

«ስትወስደኝ አደርጋቸዋለሁ።»

በረሃ እወስድሻለሁ ብሎ ቃል የገባላት ገና ሲጋቡ ነው። ከዚያ ልጃቸው ተወለደች። ከዚያ እናቱ ታመሙ፣ እሳቸውን ማስታመም መጣ። ከዚያ ልጅቷ አድጋ ተዳረች። በየዓመቱ አንድ ምክንያት አይጠፋም ነበር፤ ምክንያቱ ሲጠፋም ጠጋኙ ፈልጎ ያገኘዋል። ሚስቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ጎረቤት ፊት እየቀለደች ትነካካው ጀመር፤ «የእኔ ባል እኮ የበረሃ ሊቅ ነው፣ መንገዱ ብቻ ነው የጠፋው» እያለች። አንድ ቀን ግን የታጠበ ከረጢት ገመድ ላይ እያሰጣች ሳትስቅ ተናገረችው።

«ስማኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም። አንድ ቀን እንግዳ አድርገኝ። አንድ ቀን ብቻ እኔ አሸዋ ላስገባበት፣ ሌላ ሰው ያጥበው።»

ሆዱ ባባ። እሷም እያረጀች ነው፣ እሱም እያረጀ ነው። በማግስቱ ሸሚዙን ቀይሮ እትዬ ፈገግታ ቢሮ ገባና በአንዱ ጉዞ ላይ ለሁለት ሰው ቦታ እንድትሰጣቸው፣ ከደሞዙ ቀስ በቀስ እንድትቆርጥ ለመናት።

«እርስዎ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት» አለችው ፈገግ ብላ። «ግን ሠራተኛና እንግዳ ሲቀላቀል ለሁለቱም አይመችም። እንግዶቹ ይሳቀቃሉ።»

እሱ እዚያው ቆሞ ሲሳቀቅ አላየችውም። ወይም አይታዋለች፤ በእሷ ፊት ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እልህ ያዘው። በራሴ ዕቃ እወስዳታለሁ አለ። መጋዘኑ ውስጥ አገልግሎቱ አብቅቷል ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባበት ዕቃ የሚከመርበት ጥግ አለ። ከዚያ አንዱን እያነሳ በእረፍቱ ሰዓት መጠገን ጀመረ። ወገቡ የተተረተረ አረንጓዴ ድንኳን ነበር፤ ከሌላ ሁለት ድንኳን ቆርጦ ሰፋለት። ሁለት ታጣፊ ወንበር ላይ አዲስ ሸራ ወጠረ። ዚፓቸው የሞተ ሁለት ከረጢቶች በቁልፍ እንዲዘጉ አደረገ። ክዳኗ የተሰነጠቀ ትልቅ ጀሪካን አገኘና በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ሠራላት። እትዬ ፈገግታ እንኳ ይውሰድ አለች፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ዕቃ ማስጣል ለእሷም ወጪ ነው።

ድንኳኑን ሰፍቶ ሲጨርስ ሚስቱን ጠርቶ መጋዘኑ ጓሮ ላይ ተከለላት። ጓሮው ውስጥ የተጠገነ ድንኳን ሁሉ ተወጥሮ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ለዚያ ሥራ ተብሎ ካስማዎች ሲሚንቶ ውስጥ ለዘለዓለም ተተክለዋል። ገመዱን እነሱ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ሚስቱ ጎንበስ ብላ ገባችና በጀርባዋ ተንጋለለች፤ እግሯ በበሩ ወጥቶ ይታይ ነበር።

«ቤታችን ይሄ ቢሆን አይከፋኝም ነበር» አለች ከውስጥ።

ጠጋኙ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ያን ዕለት ማንም ምንም ቢለው ይቀበል ነበር።

ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ጎማው የሚሉት፣ የት ቦታ እንደሚያርፉ ነገረው። ዕቃ ጫኝ መኪና የሚያውቅ ሰው ነውና እሱው ተነጋግሮላቸው በረሃው ዳር ድረስ የሚያደርሳቸው፣ ሲመለስም የሚያነሳቸው አንድ መኪና አገኘላቸው። «የእኛ ሰፈር ከኮረብታው ማዶ ነው፣ እናንተ በምትሄዱበት ቀን እኛም እንግዳ ይዘን እዚያ ነን» አለው። «ብቻ ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ይዘሃል? ምንም አልጎደለም?»

«ለማን ነው የምትነግረው አንተ?» አለው ጠጋኙ። ጎማውም ሳቀና ተወው።

ዕቃውን ያሸገው ራሱ ነው። ውሃውን በትልቋና በአንዲት ትንሽ ጀሪካን፣ ይበቃናል ካለው በላይ አደረገ። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ትንሿን ቡታጋዝ ያዘ። ጃኬት አልረሳም፣ ቅባት አልረሳም፣ የባትሪ ድንጋይ አልረሳም። ድንኳኑን ዘረጋ፣ አሸዋ ቅንጣት እንዳይቀርበት በብሩሽ ጠረገ፣ ምሰሶዎቹን መሃል አድርጎ ጠቀለለ፣ እጁ ዘመኑን ሁሉ እንደለመደው አጥብቆ አሰረ። ሚስቱ ጎረቤቶቿን ተሰናበተች። ጎረቤቶቿ ሙሽራ እንደሚሸኙ እልል ማለት ነው የቀራቸው።

ደረሱ። ፀሐይ ገና አልበረደችም ነበር። መኪናው አቧራውን አጭሶ ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከፊታቸው የአሸዋ ክምር ከአሸዋ ክምር ጀርባ፣ ከኋላቸው አንድ ድንጋያማ ኮረብታ። ሚስቱ ለረዥም ጊዜ አሸዋውን አየች። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ መነጽሯን አደረገች፣ ሰማያዊውን ሻሽ ጠመጠመች፣ ታጣፊው ወንበር ላይ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች።

«ምነው፣ በዚህ ቤት ለእንግዳ ሻይ የለም እንዴ?» አለች።

«አሁን ይመጣል እሜቴ» አለ ጠጋኙ እጅ ነስቶ፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። ይቺን ሳቅ አስታውሷት፤ ሌላ እንደ እሷ ያለ አይመጣም።

ሻዩን አፍልቶ ሰጣትና ድንኳኑን ዘረጋ። ምሰሶዎቹን ገጣጠመ፣ አቆመ፣ በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ገመዱን ያዘ። ከዚያ ገመዱን የሚያስርበትን ካስማ በዓይኑ መሬት ላይ ፈለገ። ጓሮው ውስጥ ሁልጊዜ እዚያው ነበረ፣ ከግራ እግሩ ትንሽ ወደፊት። አሁን እግሩ ስር አሸዋ ብቻ ነው። በሌላው ጎን ፈለገ። እዚያም አሸዋ ነው። ያኔ ክው አለ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለችው።

ከረጢቶቹን አራገፈ፣ የምግቡን ካርቶን ገለበጠ፣ እዚያ እንደሌለ እያወቀ ጀሪካኑን እንኳ አንስቶ ከስሩ አየ። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ «ካስማው የጎማው ሣጥን ውስጥ ነው» አለ።

ሳቋ መጣ፣ ከሆዷ የወጣ ሳቅ። ደረቷን ነፍታ፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ በእሱ ድምፅ፣ «ካስማ ከድንኳን ጋር አይታሸግም!» አለች። አብሯት ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ እኔም የምተርከው አይኖረኝም። እሱ ግን አልሳቀም። ሰው ሲስቅበት የኖረ ሰው፣ የማይስቅበት ሰው ሲስቅ ይብስበታል።

«ተወው በቃ» አለችው ሳቋን ውጣ። «ሸራውን እናንጥፈውና ጋደም እንበል። ሰማዩን እያየን እንተኛለን። ድንኳን ልይ ብዬ አልመጣሁም፤ ድንኳንማ ቤቴ ሞልቷል።»

«እንግዳ ሜዳ ላይ አይተኛም።»

«እንግዳዋ እኔ አይደለሁ? እኔ ደስ ካለኝስ?»

«እንግዲያው ኮረብታውን ዞሬ ከጎማው ላምጣልህ» አለችው፣ እሱ ዙሪያውን ድንጋይ ሲፈልግ። «ቅርብ ነው አላለም?»

«እትዬ ፈገግታ ፊት? ሞቼ ነው!» ብሎ ጮኸባት። «አርፈሽ ቁጭ በይ!»

ቁጭ አለች። በትዳራቸው ብዙ ተጨቃጭቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ግን ጮኾባት አያውቅም። መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ሻይዋን አልነካችውም።

ጠጋኙ ሥራውን ቀጠለ። ድንጋይ ለቀመና ገመዱን አሰረበት፤ ድንጋዩ ትንሽ ነበር፣ ተጎተተ። የወንበሩን እግር ቀበረ፣ ተነቀለበት። በመጨረሻ ሁለቱን የውሃ ጀሪካኖች ንፋስ ይመጣበታል ባለው ወገን አቁሞ ዋናዎቹን ገመዶች አንገታቸው ላይ ቋጠረ። ድንኳኑ ቆመ። ላቡን ጠርጎ፣ ወገቡን ይዞ፣ «ይኸው!» አለ። ሚስቱ ድንኳኑን ሳይሆን አሸዋውን ነበር የምታየው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የአሸዋውን ጀርባ ሁሉ አቅልታው ነበር፤ ሊያያት ዘወር ቢል እሱም ያየው ነበር።

ንፋሱ የተነሳው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። መጀመሪያ ሸራውን ነፋው። ጠጋኙ ሮጦ ምሰሶውን አቀፈ። ሁለተኛው ሲመጣ አረንጓዴው ድንኳን እሱንም ጀሪካኖቹንም ይዞ ተነሳ። ትንሿ ጀሪካን ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጣ ተሰነጠቀች። ትልቋ ተንከባለለች፤ በጨርቅ የጠቀለላት ውታፍ ተፈናጥራ ወጣች፣ ውሃው ጓ ጓ እያለ ፈሰሰ። ሚስቱ ቀድማው ደረሰችና ብታቀናት የቀረው አንድ ኮዳ የማይሞላ ነበር። አሸዋው ውሃውን የጠጣበት ቦታ ወዲያው ደረቀ። ድንኳኑ ኮረብታው ስር አንድ የእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ይርገበገብ ነበር።

«በቃ ተነስ» አለችው ሚስቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ቁጣውን ፈልጎ ነበር።

ኮረብታውን ሲዞሩ የእትዬ ፈገግታ ሰፈር ወለል ብሎ ታየ። ድንኳኖቹ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፣ ገመዳቸው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። እያንዳንዱን ያውቀዋል፤ የትኛው የት ጋ እንደተጠገነ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል። እንግዶቹ እሱ ሸራ በቀየረላቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎማው እየሮጠ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ አላስቻለውም።

«ጋሼ! አንተው ያወጣኸው ሕግ!»

እንግዶቹ ምንድነው ብለው ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ድንኳን ሰፊው ካስማ ረስቶ! ሳቁ ከወንበር ወንበር ዞረ። ክፋት አልነበረውም፤ የጠገበ፣ የተዝናና ሰው ሳቅ ነው። አንዱ ግን ጠጋኙን አተኩሮ አየና፣ «ቆይ፣ በረሃ ቀልድ አያውቅም ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አለው። ጠጋኙ ያኔ የሚበጠስ ክር አልነበረውም፤ የሚሸሽበት ጓሮም የለም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

እትዬ ፈገግታ ከትልቁ ድንኳን ወጣች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤታችሁ ነው» አለች። ውሃ አስመጣችላቸው። ሲጠጡ ቆማ ጠበቀቻቸውና ወደ ሚስቱ ዞረች። «እህቴ፣ ካላስቸገርኩሽ፣ ወጥ ቤት የምትረዳዋ ልጅ ሆዷን አሟት ተኝታለች። ለዛሬ ብቻ እጅሽን ብታውሺን። እርስዎም እግረ መንገድዎን ያቺን የተበላሸች ዚፕ ቢያዩልን። መኝታ ዕቃ ማስቀመጫው ድንኳን ውስጥ እናዘጋጃለን።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሆና ጨመረች። «መነጽሩ ያምርብሻል። ከከረጢት የተገኘ ነው አይደል?»

ሚስቱ መነጽሩን አውልቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ገባች። ጠጋኙ አንድ ቃል ሊወጣው ይገባ ነበር፤ ሚስቴ እንግዳ ናት፣ የሚል። ዚፑን ሰጡት፣ ዚፑን ጠገነ።

በማለዳ እንግዶቹ የፀሐይዋን መውጣት ለማየት ከፍ ያለው አሸዋ ላይ ወጡ። ጠጋኙ ዕቃ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ሸራ ሲሰፋ ሚስቱን አያት። ፔርሙሱን በአንድ እጇ፣ የብርጭቆ ትሪውን በሌላው ይዛ ከእንግዶቹ ኋላ ትወጣለች። እግሯ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ደረሰች፣ ቀዳችላቸው፣ ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ዝም ሲሉ እሷም ከኋላቸው ቆመች። ብርሃኑ መጀመሪያ የነካው እነሱን ነው። ሚስቱ ሻሿን አወረደች፣ ቀና አለች፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ስትወርድ ፊቷ በርቶ ነበር። በስንት ዘመኑ እንዲህ ሆና አያት። መርፌውን አስቀምጦ ተነሳ።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት» አለችና የባዶ ብርጭቆዎቹን ትሪ ይዛ አለፈችው።

ሲመለሱ ጎማው የተነጋገረላቸውን መኪና አልጠበቁም፤ እሱው ጫናቸው። እሷን ከፊት ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጋር አስቀመጣት። ጠጋኙ ከኋላ፣ ከቆሻሻ ከረጢቶችና ከብረት ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። በየጉድጓዱ ካስማዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ይንኳኩ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲንኳኩ ሰማቸው።

ቤት ገብተው ጥቂት ቀን አለፈ። ሚስቱ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፣ ለጎረቤቶቿም ደስ የሚል ቦታ ነው ብላ ዘጋችው። አንድ ማታ ራት ላይ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሚመጣው ዓመት ካስማውን ራሴ…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አለችው። ያን ጊዜ ነው የፈራው።

ብዙም ሳይቆይ ጎማው ከእትዬ ፈገግታ ተልኮ መጣ። ወጥ ቤት የምትረዳዋ ልጅ ሥራ ለቃለች፤ የጠጋኙ ሚስት እጇ ቀልጣፋ ነው፣ እንግዶቹም ወደዋታል፤ በየጉዞው ብትሄድ ምን ይመስላችኋል? ጠጋኙ ደሙ ፈላ።

«ሂድና ንገራት! ሚስቴ የማንም ሰሃን አጣቢ አይደለችም በላት!»

«እሄዳለሁ» አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ገመዱ ላይ የሰቀለችውን ከረጢት እያስተካከለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እንደ ሠራተኛ?» አላት ጠጋኙ። «እንግዳ ሆኜ ልየው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እንግድነቱንማ ከአንተ ጋር አየሁት» አለችው።

ጎማው መኪናው ውስጥ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ በሩ ቸኮለ።

አሁን በየጉዞው ትሄዳለች። ማለዳ ዕቃ ሲጫን ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል፤ ፀሐይ ያጠቆራት ፊቷ ወጣት አስመስሏታል። እሱ ስለ ካስማ መጮኽ ትቷል። ሾፌሮቹ ግን አልተዉለትም፤ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ባንድ ድምፅ ይጮኹለታል፣ እሷም ከፊት ወንበር አብራቸው ትስቃለች። ደንበኛ ሲመጣም ጠጋኙ ከስፌት መኪናው አይነሳም። ምን ይዘን እንሂድ የሚሉትን ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ይንገራቸው።

ከረጢቶቹን የሚያጥብ ስለጠፋ እሱ ነው የሚያጥበው። ከሥራ ሲገባ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ግቢው መሃል ቆሞ፣ አንድ በአንድ እየገለበጠ ያራግፋል። አሸዋው እግሩ ላይ ይዘረገፋል። በቀደም ከአንዱ ከረጢት ውስጥ፣ ከአሸዋው ጋር፣ ሰማያዊው ሻሽ ወደቀ። ለየት አድርጎ በለብታ ውሃ አጠበው፣ ጥላ ላይ አሰጣው፣ ሲደርቅ አጣጥፎ ትራሷ ላይ አስቀመጠላት።

ስትመለስ አየችው። «ውይ፣ እዚያ ነው እንዴ የተውኩት?» ብላ አነሳችው። ለቀጣዩ ጉዞ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ እሱ ዞር አለች። በትዳር ዘመናቸው ብላው የማታውቀውን፣ ሰው ለማያውቀው ሰው በጨዋ ደንብ የሚለውን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።